ለማዋለጃ ክፍል ስንት አዋላጅ ነርስ ያስፈልጋል?

የማዋለጃ ክፍል የሰው ኃይል ሲታቀድ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚሆነው የወላዶች ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት ለ175 ወሊድ አንድ አዋላጅ የሚል መለኪያ ስለተጠቀመ፣ በዓመት 350 እናቶች ለሚወልዱበት ጤና ጣቢያ ሁለት አዋላጅ ነርስ ይበቃል ማለት ይቀናል። ምጥ ግን ሌሊትም፣ በዓልም ስለማይል መጀመሪያ መቆጠር ያለበት ሰዓት ነው።

አንድ ባለሙያ በዓመት በእርግጥ የሚሠራውን ሰዓት ያስሉ። 52 ሳምንት በ5 ቀን ሲባዛ 260 ቀን ነው፤ ከዚህ የበዓላት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና የሥልጠና ቀናት ይቀነሳሉ። ተቀናሹ ለምሳሌ 45 ቀን ቢሆን፣ ቀሪው 215 ቀን በ8 ሰዓት ተባዝቶ 1,720 ሰዓት ይሆናል። አንድ የተረኛ ቦታ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ እንዲያዝ 8,760 ሰዓት ስለሚፈልግ፣ ለአንዱ ቦታ ብቻ ከአምስት በላይ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሁለቱ ስሌቶች ከፍተኛውን ይውሰዱ። የሚገርመው፣ ብዙ ሴቶች በሚሠሩበት በዚህ ክፍል ከተቀናሾቹ ቶሎ የሚረሳው የራሳቸው የአዋላጆቹ የወሊድ ፈቃድ ነው።

አንድ ተረኛስ ይበቃል? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ልጁን ለማውጣት መግፋት ጀምራለች እንበል። የጽንሱ የልብ ምት በየ5 ደቂቃው መደመጥ አለበት፤ ቀደም ብላ የወለደችው ደግሞ ከወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ማህፀኗ መኮማተሩና የሚፈሳት ደም መጠን በየ15 ደቂቃው ይታያል። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ቢወለድ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር ሊሰጠው ይገባል፤ በዚያው ቅጽበት እናቱ ብትደማ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በእኔ እምነት ዝቅተኛው ልክ በአንድ ፈረቃ ሁለት ባለሙያ ነው፤ ወሊዱ ጥቂት በሆነበት ጤና ጣቢያ ሁለተኛው በጥሪ የሚደርስ ሌላ የሠለጠነ ነርስ ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ሕክምና በሚሰጥ ሆስፒታል ግን የሚታቀደው ቡድን ነው፦ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ወይም የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ (ሐኪም ባይሆንም ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ለመሥራት የሠለጠነ)፣ ሰመመን ሰጪ፣ ሁለት የቀዶ ሕክምና ነርሶች፣ ሕፃኑን የሚቀበል አዋላጅ። ሰመመን ሰጪው አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ፈቃድ የወጣ ቀን ሐኪሞቹ ቢበዙም ቀዶ ሕክምና አይኖርም። የማህፀን ሕክምና ተመላላሽ ክፍል በቀን ሰዓት ስለሚሠራ በታካሚ ብዛት ማስላት ይበቃዋል።

በመጨረሻ ያለፉትን ሦስት ወራት የወሊድ መዝገብ ከተረኛ ሰሌዳው ጎን አስቀምጠው፣ ወሊዱ የበዛበት ሰዓትና ሰው ያነሰበት ሰዓት መግጠም አለመግጠማቸውን ይዩ፤ በቅጥር ጥያቄው ላይም የጎደለውን በሰዓት አስልተው ያስፍሩት።