ሥራ ላይ ከስልክና ከኮምፒውተር የሚመጣን ጭንቀት እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ሪፖርት መጻፍ ጀምራችኋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ ስልኩ ጢን ይላል። የሥራ ግሩፑ ነው። አንድ ሰው "እሺ" ብሎ ጽፏል፣ በቃ። ወደ ሪፖርቱ ስትመለሱ ልትጽፉት የነበረው ነገር ጠፍቷል። ከላይ ጀምራችሁ ታነባላችሁ። ሐሳቡ ሊመጣ ሲል ደግሞ ኢሜይል ይገባል። ማታ ከቢሮ ስትወጡ ድክም ብሏችኋል፤ ግን "ዛሬ ምን ሠራሁ?" ስትሉ መልሱ ያጥራችኋል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ስምም አለው፤ ቴክኖስትረስ ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሬግ ብሮድ ነው። ያኔ ሰዉን ያስጨንቀው የነበረው ቢሮ ውስጥ አዲስ የገባውን ኮምፒውተር መልመድ ነበር። አሁን ለምደነዋል፤ የቸገረን መላቀቁ ነው።

በዚህ ዙሪያ ብዙ ያጠናችው ግሎሪያ ማርክ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ውጤት ሁሌም ያስገርመኛል። በየመሃሉ የተረበሹት ሰዎች ሥራውን ቶሎ ነው የጨረሱት። የጠፋባቸውን ጊዜ ለማካካስ ተጣድፈው ይሠራሉ። ግን ጭንቀታቸው፣ ብስጭታቸውና የጊዜ ጫናቸው ሳይረበሹ ከተሠራው በልጦ ተገኘ። ስለዚህ አለቃ ሲያየው ሥራው በሰዓቱ ደርሷል። ዋጋውን የከፈለው ሠራተኛው ብቻ ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር?

1. ሁለት ቀን መዝግቡ

ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ወረቀት አስቀምጡ። ከያዛችሁት ሥራ በተነሳችሁ ቁጥር አንድ ፊደል ጻፉ፦ መልእክት ወይም ስልክ መጥቶ ከሆነ "መ"፣ ማንም ሳይጠራችሁ ራሳችሁ ስልኩን አንስታችሁ ከሆነ "ራ"። እኔ ስሞክረው ከግማሽ በላይ የነበረው "ራ" ነው። እጄ ሳላዝዘው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። ይህን ሳታውቁ ኖቲፊኬሽን ብቻ ብታጠፉ ችግሩ ግማሹ ይቀራል። "ራ" የሚበዛባችሁ ከሆነ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሱትና ቦርሳ ወይም መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ለማየት መነሳት ወይም መጎንበስ ሲያስፈልግ እጅ ራሱ ይሰንፋል።

2. ኖቲፊኬሽኑን ቀንሱ

ቫይብሬት ላይ ማድረግ ማጥፋት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ድርር ሲል ከጥሪው ድምፅ ባልተናነሰ ልብን ይወስዳል። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የግሩፖችን፣ የኢሜይልንና የማኅበራዊ ሚዲያን ድምፅም ንዝረትም አጥፉ። አፑ ጥግ ላይ የምትታየዋን ቀይ ቁጥርም አጥፏት። ትንሽ ብትመስልም ዓይንን ትጠራለች።

"አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?" የሚል ስጋት ይኖራችኋል፤ ልክ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ወይም ታማሚ ቤተሰብ ያለው ሰው ስልኩን ዘግቶ ሊቀመጥ አይችልም። ለዚህም ነው "አትረብሹኝ" የሚለው የስልኩ አሠራር የተመረጡ ሰዎችን ጥሪ የሚያሳልፈው። ደጋግሞ የደወለ ሰውም እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። አምስት ስድስት ሰው ምረጡ፤ ሌላው ይጠብቃል።

3. መልእክት የምታዩበት ሰዓት ቁረጡ

እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ ውስጥ በ124 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ሰዎቹ አንዱን ሳምንት ኢሜይላቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲያዩ፣ ሌላውን ሳምንት እንዳሻቸው እንዲያዩ ተደረገ። በቀን ሦስቴ ባዩበት ሳምንት ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ከመውጣታችሁ በፊት ልታደርጉት ትችላላችሁ። ሥራችሁ ደንበኛ ማስተናገድ ከሆነ ሦስቴ የማይሆን ነገር ነው። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ መድቡ። ዋናው ነገር ሰዓቱን የምትመርጡት እናንተ መሆናችሁ ነው።

4. ከአለቃና ከሥራ ባልደረቦች ጋር ተነጋገሩ

ሰዉ የሚዘለው ይህንን ነው። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚያስጨንቀን መልእክቱ ብቻ ሳይሆን "አሁኑኑ ካልመለስኩ ምን ይሉኛል?" የሚለው ሐሳብ ነው።

ይህን የምለው ተሳስቼ ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ ለማንም ሳልናገር ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ዳታ ማጥፋት ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ "ሰሞኑን ምን ሆነሃል? ሥራው ሰለቸህ እንዴ?" አለችኝ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ለካ እሷም ማታ የምትልከው እንዳይረሳት ብላ ነው እንጂ ማታውኑ መልስ ፈልጋ አልነበረም። ስንት ምሽት በከንቱ ተጨንቄያለሁ!

ንግግሩን በቅሬታ አትጀምሩት። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ "ጠዋት ጠዋት ሪፖርቱን ሳልቋረጥ ልሠራው ፈልጌያለሁ። እስከ አምስት ሰዓት መልእክት አላይም። አስቸኳይ ከሆነ ግን ደውሉልኝ፣ አነሳለሁ።" ከዚያ በቡድን አንድ ስምምነት ያዙ። አስቸኳይ ነገር በስልክ ጥሪ፣ በዚያው ቀን የሚደርስ በግሩፕ፣ ሊቆይ የሚችል በኢሜይል። እንዲህ ሲለይ ግሩፑን በየደቂቃው መክፈት አያስፈልግም።

አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል። ማታ ሐሳብ ከመጣላችሁ ጻፉት፤ ግን ጠዋት እንዲላክ ሰዓት ሙሉለት። ቴሌግራምም ጂሜይልም ይህንን ይሠራሉ። "ነገ ብትመልስ ይደርሳል" ብትሉም ተቀባዩ አንዴ አይቶታል፤ ሲያስበው ያድራል። አንዳንድ አገሮች ነገሩን በሕግ እስከመያዝ ደርሰዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሥራ መልእክትን ያለመከታተል መብት ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ሕግ ሆኗል።

5. የቪዲዮ ስብሰባን ቀለል አድርጉት

የራሳችሁን ምስል ከስክሪኑ ላይ ደብቁት። ሰዓቱን ሙሉ የራስን ፊት እያዩ መነጋገር ያደክማል፤ መስታወት ይዞ እንደማውራት ነው። በድምፅ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ ከሆነ ደውሉና እየተራመዳችሁ አውሩ።

6. ዓይናችሁንም አስቡ

ስክሪን ላይ ስናፈጥ የምንርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ነው፤ ዓይን የሚደርቀውና የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር እዩ። መስኮት ካለ መስኮቱ ይበቃል።

7. ቀኑን ዝጉት

ላፕቶፑን ከመክደናችሁ በፊት ነገ መጀመሪያ የምትሠሩትን አንድ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። ያልተቋጨ ሥራ ቤት ድረስ ይከተላል፤ ሲጻፍ ግን ጋብ ይላል። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ አድርጉት። "ለአላርም እፈልገዋለሁ" የምትሉ ከሆነ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ወደ ሥራ መሄድ ራሱ ካስጠላችሁ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ወይም ራስ ምታት ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ባለሙያ አማክሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ላይ፣ በቅጡ ካልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። ስለዚህ "ስልክ አበዛሁ ብዬ እንዴት ሐኪም ጋ እሄዳለሁ?" ብላችሁ አትፈሩ። መጀመሪያ ላይ ፊደል የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከየት ጀምራችሁ እንደምታወሩ ይጠቁማችኋል።