የአርኬድ ጨዋታ ስብስቦችን ገዝቶ በቤት ኮንሶል ላይ በአግባቡ ለመጫወት

ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳንቲም እየተከተተባቸው ይሠሩ የነበሩት የአርኬድ ማሽኖች ጨዋታዎች ዛሬ በስብስብ መልክ ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለስዊች፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኙ የጌም ማጫወቻዎች (ኮንሶሎች)፣ ይሸጣሉ። በአብዛኞቹ ስብስቦች ውስጥ የሚሠራው የጥንቱ ፕሮግራም ራሱ ሲሆን፣ ኮንሶሉ የጥንቱን ማሽን በሚያስመስል ሶፍትዌር (ኢሙሌተር) አማካይነት ያስኬደዋል። ማሽኑ ግን ፕሮግራም ብቻ አልነበረም፤ ስክሪኑ፣ አቅጣጫ የሚመራበት ዘንግና የሚሽከረከረው ኳስ ከሣጥኑ ጋር ስለቀሩ፣ የእነሱን ቦታ የሚተካው እርስዎ የሚመርጡት ማስተካከያ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ከብዛቱ ይልቅ የጨዋታዎቹን ዝርዝር ያንብቡ። በ2022 የወጣው አታሪ 50 ከ90 በላይ ጨዋታዎች ቢይዝም፣ ብዙዎቹ መጀመሪያውንም ለቤት ኮንሶል የተሠሩ ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው ፓክማን ሙዚየም ፕላስ ደግሞ 14 ጨዋታዎች ይዞ ሚስ ፓክማንን በባለቤትነት ጉዳይ የተነሳ አላካተተም። የባለቤትነት ጉዳይ ሽያጭንም ያቋርጣል፤ ማርቨል ቨርሰስ ካፕኮም ኦሪጅንስ የተባለው ስብስብ በ2012 ወጥቶ በ2014 ከኦንላይን መሸጫዎች ወርዷል። ስለዚህ ዲስክ ወይም ካርድ ካለ እሱን እመርጣለሁ። በተለይ ኢትዮጵያ ውስጥ በኦንላይን መክፈል ለሚቸገር ሰው፣ የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክና የስዊች ካርድ በአገር ስለማይገደቡ፣ ዘመድ ከዱባይም ይሁን ከዋሽንግተን ቢልክ ይሠራሉ፤ በኋላ በኦንላይን የሚገዙት ተጨማሪ ክፍሎች ግን የሌላ አገር አካውንት ላይ ላይከፈቱ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስክሪኑ ላይ ነው። ፓክማንና ጋላጋ የተሠሩት ቁመቱ ከወርዱ ለሚበልጥ ስክሪን ሲሆን፣ ምስላቸው በወርድ 224፣ በቁመት 288 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) ነው። በዛሬው ቴሌቪዥን ላይ ግራና ቀኙ ባዶ መቅረቱ ግድ ነው፤ ባዶውን ለመሙላት ምስሉን ወደ ጎን መለጠጥ ፓክማንን የተረገጠ ዱባ ያስመስለዋል። 1080 መስመር ባለው ቴሌቪዥን ላይ 288ቱ በሦስት ሲባዙ 864 ስለሚሆኑ ከላይም ከታችም 108 መስመር ባዶ ይቀራል፤ ሆኖም ፒክስሎቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። ከላይ እስከ ታች ይሙላ ካሉ ግን ብዜቱ 3.75 ስለሚሆን፣ አንዱ ረድፍ ሦስት፣ ሌላው አራት መስመር እየያዘ ቁጥሮቹና ፊደሎቹ ይንሻፈፋሉ። በስትሪት ፋይተር 2 ነገሩ ይለያል፤ ምስሉ 384 በ224 ፒክስል ቢሆንም 4 ለ3 በሆነ ስክሪን ላይ ጠበብ ብሎ እንዲታይ ታስቦ የተሳለ በመሆኑ፣ ፒክስሎቹን ወርዳቸውና ቁመታቸው እኩል አድርጎ የሚያሳየውን ምርጫ ከወሰዱ ተፋላሚዎቹ ወፍረው ይታያሉ። ለእሱ 4 ለ3ን ይምረጡ። የድሮ ቴሌቪዥን መስመሮችን የሚያስመስለው ማጣሪያ የግል ምርጫ ነው፤ እኔ ከ4ኬ (2160 መስመር) በታች በሆነ ስክሪን ላይ አልመክረውም።

ቁልፍ ሲጫኑ ምላሹ ስክሪኑ ላይ እንዳይዘገይ ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ምርጫው የሚገኘው ኮንሶሉ ላይ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ የምስል ማስተካከያ ውስጥ ነው። ጨዋታዎቹ በሰከንድ 60 ያህል ምስል ስለሚያሳዩ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ምስል ለማሳመር የሚያባክነው ጊዜ የዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የፓክማን ማሽን ዘንግ የሚሄደው በአራት አቅጣጫ ብቻ ነበር። በአናሎጉ (በአውራ ጣት በሚገፋው ትንሽ ዘንግ) ሲጫወቱ አውራ ጣትዎ ትንሽ ወደ ጥግ ካዘነበለ መታጠፊያው ያመልጥዎታልና የጆይስቲኩን የአቅጣጫ ቁልፎች ይጠቀሙ። በ1982 የወጣው ሮቦትሮን 2084 ግን በሁለት ዘንግ፣ አንዱ ለመሄድ ሌላው ለመተኮስ፣ የሚሠራ ስለነበር ለዛሬዎቹ ሁለት አናሎጎች የተፈጠረ ይመስላል። ሚሳይል ኮማንድና ሴንቲፒድ የሚነዱት በሚሽከረከር ኳስ ነበር፤ ስብስቡ የሚፈቅድ ከሆነ የጠቋሚውን ፍጥነት ከፍ ያድርጉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ኳሱን የሚተካ ነገር የለም። ጨዋታው ሳንቲም እየጠየቀ ቢቆም፣ ሳንቲም የሚከተው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ የቁልፎቹ ዝርዝር ይነግርዎታል።

የማሽኑ ባለቤት ሣጥኑን ከፍቶ በትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይወስን የነበረው የዕድል ብዛት (ተጫዋቹ ስንት ጊዜ ሞቶ መቀጠል እንደሚችል) እና የጨዋታው አስቸጋሪነት ደረጃ አሁን በብዙ ስብስቦች ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። ለልምምድ ዕድል መጨመርና ወደኋላ መመለሻውን መጠቀም ነውር የለውም፤ ነጥብዎን ከሌሎች ጋር ለማወዳደር ከፈለጉ ግን ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሱ። ምናልባት ፓክማን ላይ 256ኛው ደረጃ ደርሰው የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በተዘበራረቁ ፊደሎችና ምልክቶች ከተሞላ፣ ማስተካከያውን አይንኩ፤ የደረጃ ቆጣሪው ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል የ1980ው ማሽንም የሚያሳየው ይህንኑ ነበር።