የካምሻፍት ሊፍትና የቫልቭ ክፍተት ልኬት ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) የገባለት፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) የተላጨ ወይም ፒስተኑ የተለወጠ ሞተር ተገጥሞ ከማለቁ በፊት ሁለት ነገሮች መለካት አለባቸው፤ ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት (ሊፍቱ) እና ሲከፈት ከፒስተኑ ምን ያህል እንደሚርቅ (ክፍተቱ)። ዳያል ጌጁ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን የሚለካው ባለ ቀስት መለኪያ) የሚያሳየው ቁጥር ከካምሻፍቱ ካርድ (አምራቹ ልኮቹን ከጻፈበት ወረቀት) ጋር አልስማማ ሲል ብዙዎች ካምሻፍቱን ይጠራጠራሉ። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው አለካኩ ላይ ስለሚገኝ፣ ዕቃ ከመመለስም ሆነ ፒስተን ከማስቆረጥ በፊት ልኬቱን ራሱን መመርመር ይገባል።

ሊፍቱ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ሲያንስ

መጀመሪያ የሚታየው ጌጁ ያረፈበት ቦታ ነው። ፑሽሮድ (ከታፔቱ ወደ ሮከር አርሙ የሚገፋ ዘንግ) ባለው ሞተር ላይ የካሙ ጉብታ የሚያነሳው መጠንና ቫልቩ የሚከፈተው መጠን አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ቫልቩን የሚጫነው ማንሻ፣ ሮከር አርሙ፣ አለ። ለምሳሌ የሮከር ምጥጥኑ 1.5 በሆነው የሼቭሮሌት 350 ሞተር ላይ ጉብታው 7.62 ሚሊ ሜትር ቢያነሳ ቫልቩ 11.43 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስለዚህ ጌጁን በመጀመሪያ ታፔቱ (ጉብታው ላይ ተቀምጦ የሚነሳው ክፍል) ላይ፣ ቀጥሎም የቫልቭ ሞላውን በሚይዘው ቆብ ላይ አሳርፎ ሁለቱን ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ታፔቱ ላይ የተገኘው ትክክል ሆኖ ቫልቩ ላይ ያለው ብቻ ካነሰ፣ ካምሻፍቱ ነፃ ነው፤ የሚፈተሸው ከእሱ በላይ ያለው ክፍል ነው።

ከሁሉም አብዝቶ የሚያሳስተው የሃይድሮሊክ ታፔት ነው። ሞተሩ በእጅ በዝግታ ሲዞር የቫልቭ ሞላው ታፔቱን ስለሚጫነው ውስጡ ያለው ዘይት ይሾልካል፣ ታፔቱም ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ በዚህም ምክንያት ቫልቩ ከእውነተኛው ልክ አንሶ የተከፈተ ይመስላል። መፍትሄው ለልኬቱ ጊዜ ብቻ ድፍን ታፔት ማስገባት ነው። ዋናውን የቫልቭ ሞላ አውጥቶ በጣት በሚጨመቅ ለስላሳ ሞላ መተካትም ጫናውን ያስቀራል።

የጌጁ ዘንግም ቫልቩ ከሚሄድበት መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ስህተቱ ወደ 1.5 በመቶ ይደርሳል፤ ከላይ በተጠቀሰው ሞተር ላይ ይህ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ጌጁ ወደ ዜሮ አልመለስ ሲል

የጌጁ መቆሚያ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ የመቆሚያውን ማግኔት ስለማይዝ፣ የብረት ሳህን በቡሎን አስሮ መቆሚያውን እዚያ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። አንድ ጉብታ ብቻ ከሌሎቹ አንሶ ከተገኘና ዜሮው ከተስተካከለ በኋላም ልዩነቱ ከቀጠለ ጉብታው ተበልቷል። ካምሻፍቱ ከታፔቶቹ ጋር አብሮ ይለወጣል።

የቫልቭና የፒስተን ክፍተት ከሚገባው በላይ ሰፊ ሲመስል

ይህ እንደ መልካም ዜና መወሰድ የለበትም፤ ሞተር የሚያጠፋው የተሳሳተ ልኬት ይኸኛው ነው። አንዱ ምክንያት ያው የሰመጠው ታፔት ነው። ሌላው ክፍተቱን ፒስተኑ ጫፍ ላይ በደረሰበት ነጥብ (ከፍተኛው ነጥብ) ብቻ ወይም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ሰዓት መለካት ነው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ፒስተኑ ርቆ ወርዷል። ሁለቱ የሚቀራረቡት የጭስ ማውጫው ቫልቭ እየተዘጋ ሳለ ከከፍተኛው ነጥብ በፊት፣ የአየር ማስገቢያው ደግሞ እየተከፈተ ሳለ ከዚያው ነጥብ በኋላ፣ ሁለቱም በ10 የክራንክሻፍት ዲግሪ አካባቢ ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ከፍተኛውን ነጥብ በፑሊው ምልክት ሳይሆን በፒስተን ማቆሚያና ክራንክሻፍቱ ላይ በሚታሰር ዲግሪ ሳህን ማረጋገጥ፤ ቴስታታውን በሚገባው ጋስኬት አስሮ ለስላሳውን ሞላ መግጠም፤ ከዚያም ከከፍተኛው ነጥብ 20 ዲግሪ በፊት ጀምሮ 20 ዲግሪ በኋላ እስኪደርስ በየ2 ዲግሪው እያቆሙ ቫልቩን ፒስተኑን እስኪነካ በጣት መጫን። ጌጁ በዚያች ቅጽበት የሚጨምረው ቁጥር ክፍተቱ ነው። ክራንክሻፍቱ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ነጥቡ ካለፈ ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መምጣት የሰንሰለቱን ልልነት ያስቀራል።

ክፍተቱ በእርግጥ ጠባብ ሲሆን

ለተሻሻሉ የቤንዚን ሞተሮች የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለማስገቢያው ቫልቭ 2.0፣ ለማውጫው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ማውጫው የበለጠ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም በሙቀት ይረዝማል፣ ፒስተኑም ከኋላው እያሳደደው ይመጣል። የናፍጣ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ከዚህ ያነሰ ክፍተት ስላላቸው በአምራቹ መጽሐፍ ብቻ ይሠራባቸዋል።

ቀድሞ የሚጣራው የታይሚንግ ምልክቱ (የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ ጥርሶች የሚገጣጠሙበት) ነው፤ አንድ ጥርስ መዝለል ብቻውን ክፍተቱን ያጠፋል። ምልክቱ ልክ ከሆነ ካምሻፍቱን ጥቂት ዲግሪ ማዘግየት ለማስገቢያው ቫልቭ ቦታ ይጨምራል፤ ያንኑ ግን ከማውጫው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለቱም እንደገና ይለካሉ። ወፍራም ጋስኬትም ይረዳል፤ ኮምፕሬሽኑን መቀነሱ ግን አይቀርም። ለቫልቩ የሚሆን ጎድጓዳ ፒስተኑ ላይ ማስቆረጥ የመጨረሻው አማራጭ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የፒስተኑ ራስ ውፍረት መታወቅና ለቫልቩ ጠርዝ ዙሪያውን 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል መተው አለበት።