ለክረምት ሩጫ በርካሽ ደህና የዝናብ ጃኬት እንዴት እንደሚመረጥ

ባለፈው ሐምሌ ጎንደር ላይ ከፒያሳ ተነስቼ የጎሃን ዳገት እየሮጥኩ ወጣሁ። አዲስ ጃኬት ለብሻለሁ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄ ጠብ አያደርግም!" ብሎ የማለልኝ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ጃኬት ነው። እውነቱን ነበር፣ ጠብ አላደረገም። አናቱ ላይ ደርሼ ክንዴን ዝቅ ሳደርግ ግን ከእጅጌው ውሃ ተንጠፈጠፈ። የራሴ ላብ ነው። ዚፑን ስከፍተው ክዳኑ እንደተነሳለት ድስት እንፋሎት ወጣ።

ባጃጅ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ላስቲክም ይበቃዋል። የሚሮጥ ሰው ግን ዝናቡን የሚከለክል፣ ላቡን ደግሞ የሚያስወጣ ጨርቅ ይፈልጋል። ሁለቱንም በደንብ የሚሠራ አዲስ ጃኬት ውድ ነው። ስለዚህ ኪሳችን ሳሳ ሲል የቱን ትንሽ እንደምንተው ቀድመን እንወስን። እኔ ብጠየቅ ከዝናቡ በኩል ትንሽ ይቅርብኝ እላለሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ቤቴ ነኝ፤ ትንሽ ብረጥብ አልሞትም። በላብ ታፍኖ መሮጥ ግን ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያማርራል።

1. መጀመሪያ የምትሮጡበትን ሰዓት አስቡ

ጎንደር ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። ኃይለኛው ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። በጠዋት የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው ካፊያ፣ ጉምና ብርድ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምት ጠዋቷ ይቆረጥማል። ለዚህ ነፋስ የሚከለክል፣ ካፊያ የሚችል ስስ ጃኬት ይበቃል። ዋጋውም ቀለል ይላል።

ከሥራ በኋላ አመሻሽ ላይ የምትሮጡ ከሆነ የምር ውሃ የማያስገባ ያስፈልጋችኋል። መብረቅ ካለ ግን የትኛውም ጃኬት አያድንም። ዳገቱን ትታችሁ ቤት ግቡ።

2. ማርኩን አንብቡ

"ዋተር ሪዚስታንት" የሚለው ካፊያ ይችላል ማለት ነው፤ ዶፍ አይችልም። "ዋተርፕሩፍ" የሚለው ነው ውሃ የማያስገባው። "ዊንድፕሩፍ" ብቻ ከሆነ ስለ ነፋስ እንጂ ስለ ዝናብ ምንም ቃል አልገባላችሁም። ሻጭ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል፤ አትፍረዱበት፣ እሱም የተነገረውን ነው የሚነግራችሁ።

አንዳንዱ ላይ ቁጥር አለ። 10,000 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ጨርቁ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆምበት እስከዚያ ድረስ ይችላል ማለት ነው። የዓፄ ፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሶውን ያህል ውሃ አስቡት። ለሩጫ 10,000 ከበቂ በላይ ነው። ለአጭር ሩጫ 5,000ም አያሳፍርም። 20,000 የሚል ብታዩ አትጓጉ፤ እሱ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው ነው።

ሁለተኛው ቁጥር በግራም ይጻፋል፤ ለሯጭ ዋናው እሱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም የላብ እንፋሎት እንደሚያስወጣ ይናገራል። ከ10,000 በታች ከሆነ ዳገት ላይ ትታፈናላችሁ። ዝናቡን የሚለካው ትልቅ ቁጥር በደማቁ ተጽፎ የግራሙ ከሌለ ጠርጥሩ። ሰማያዊው ጃኬቴ እንደዚያ ነበር።

3. ገልብጡት

ብዙ ሰው ጃኬት የሚገዛው ፊቱን አይቶ ነው። እናንተ ሆዱን እዩ። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የምር ውሃ የማያስገባ ጃኬት በውስጥ በኩል ስፌቱን ተከትሎ ፕላስተር የመሰለ ቀጭን ነገር ይለጠፍበታል። ትከሻውንና ቆቡን በጣታችሁ ተከተሉት፤ ዝናቡ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፕላስተሩ ከሌለ ጨርቁ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን በትከሻችሁ በኩል ይገባል። ጫፉ ተነስቶ ከሆነም ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይላቀቃል።

ከዚያ አፋችሁን ጨርቁ ላይ ገጥማችሁ ንፉ። ትንፋሻችሁ ወዲያ ማዶ በቀላሉ ካለፈ ዝናብም ያልፋል። ሻጩ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

4. ልባሽ ተራን አትናቁ

እኔ አሁን የምሮጥበትን ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ፣ ሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። ግራጫ፣ የተጨማደደ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው። ለምን እንዳላዩት ኋላ ነው የገባኝ። ውሃ ሲነካው ይጠጣል፤ ጨርቁ ይጠቁራል። ሰው "አለቀለት" ብሎ ይተወዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥሩ ጃኬት ሁለት መከላከያ አለው። አንዱ ላዩ ላይ የተቀባው ነው፤ ውሃውን እንደ ጎመን ቅጠል አንከባሎ ይጥለዋል። ይሄኛው በአጠቃቀምና በእጥበት ይደክማል። ሁለተኛው ከስር ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያስገቡም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ዋናው እሱ ነው። ላዩ ደክሞ ውስጡ ደህና የሆነ ጃኬት በርካሽ ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜም ይድናል።

ለመለየት አንድ ማንኪያ ውሃ በቂ ነው። እጅጌውን እንደ ስኒ አጎድጉዳችሁ ውሃውን አፍስሱበት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከሻጩ ጋር ስለ ፋሲል ከነማ አውሩ። ከዚያ ከስር በደረቅ ሶፍት ጫን ጫን አድርጉ። ላዩ ረጥቦ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ግዙት። ሶፍቱ ከረጠበ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ግን መድኃኒት የለውም። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚላላጥ፣ ነጭ ፍርፋሪ የሚያራግፍ ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽፋኑ አርጅቷል። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

5. ልበሱና ሩጡበት

ቆማችሁ በመስታወት ማየት ምንም አይነግራችሁም። ካናቴራ ላይ ልበሱትና ክንዳችሁን እንደ ሩጫ አወዛውዙ። ብብት ላይ ከያዛችሁ፣ ጎንበስ ስትሉ ወገባችሁ ከተራቆተ ተዉት። ቆቡን አጥልቃችሁ ወደ ግራና ቀኝ ዙሩ። ቆቡ ከጭንቅላታችሁ ጋር ካልዞረ ከአዘዞ የሚመጣውን መኪና አታዩትም። ለዚሁ ሲባል ጥቁር ባትመርጡ ይሻላል፤ የሚያበራ መስመር ያለው ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ጠቅልላችሁ በአንድ እጅ መያዝ ካልቻላችሁ ለሩጫ ይከብዳል። ከብብት ስር በዚፕ የሚከፈት መተንፈሻ ካለው ጥሩ ነው። ገበር ያለውን ወፍራም ነገር ግን ለለቅሶና ለገበያ ተዉት።

ዋጋ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዝናብ ቀን የዝናብ ጃኬት አትግዙ። ጥቅምት ላይ ሂዱ፤ ሻጩ ራሱ ይለምናችኋል።

6. ቤት ስትገቡ

በእጅ፣ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አታስነኩት። ሳሙናው እስኪወጣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ውሃ ይስባል። ማርኩ ላይ የካውያው ምልክት ካልተሰረዘ፣ ሲደርቅ ስስ ነጠላ ጣል አድርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ ተኩሱት። ያ የደከመው ላይኛው ቅብ በሙቀት ይነቃል። የእኔን ተኩሼ ውሃ ሳፈስበት ጠብታዎቹ እንደ ዶቃ ተንከባለሉ። የቆቡ ገመድ ጠፍቶ ነበር፤ የድሮ ጫማ ማሰሪያ አስገባሁበት።

ሰማያዊውን እናቴ ወስዳ የከሰል ጆንያ ትሸፍንበታለች። ጠብ አያደርግም።