ከሚደበድብ ባል ልጆችን ይዞ መውጣት፦ ድሬዳዋ ላይ እንዴት?

«ልወጣ ነው» ብለሽ አትዛቺ። አደጋው የሚከፋው መሄድሽ በታወቀ ሰሞን ነው። አንድ ሰው ብቻ ይወቅ፤ እሱም የባልሽ ዘመድ ወይም የበርጫ ጓደኛ አይሁን። ለትንንሽ ልጆች አስቀድሞ አይነገርም።

መጀመሪያ ወረቀት፦ መታወቂያሽ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ። ዋናው ከቦታው ሲነሳ የሚታወቅ ከሆነ ኮፒ አስነሺና መልሺው፤ ኮፒው ሰው ቤት ይቀመጥ። ቴሌግራምሽ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን እዪ። ቴሌብር ምቹ ነው፣ ግን መልእክቱ ያጋልጣል፤ የባጃጅና የጥቂት ቀን ቀለብ በጥሬው ያዢ።

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ሕክምናው ላይ ነው። ሐኪም «ምን ሆነሽ?» ሲል «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ካልሽ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው፤ ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ስትቀርቢ የባልሽ ጠበቃ ያንኑ መስመር ያነባል። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሂጂ ጤና ጣቢያ፣ ቁስሉ ሳይደበዝዝ ድረሺ። ማን፣ በምን፣ መቼ እንደመታሽ ተናገሪ፤ ባልሽ አብሮ ከገባ ብቻሽን እንዲያዩሽ ጠይቂ። የካርድ ቁጥሩን ጻፊ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። «ታረቁ» ብለው ሊመልሱሽ ቢሞክሩ፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩም እንደሚሠራ ንገሪያቸው።

የመውጫው ሰዓት እሱ ሥራ ላይ ሲሆን፣ የሚቅም ከሆነ ደግሞ በርጫው ሲሞቅ ነው። ትልልቆቹን ከትምህርት ቤት አንሺ። የሰፈር ባጃጅ አትጥሪ፤ ሾፌሩ ያወራል፣ አስፋልት ድረስ በእግር ውጪ። እናትሽ ቤትም አትሂጂ፣ መጀመሪያ የሚፈልግሽ እዚያ ነው። ከደረሰብሽ ለፖሊስ፣ ወደ 991 ደውዪ።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። እንቢ ማለት ባትችዪ እንኳ ሦስተኛ ሰው ቤት ተቀበያቸው፤ «ለዛሬ ብቻ ቤትሽ እደሪ» የሚለውን ግን በጭራሽ።

ቤቱን ለቅቄ በመውጣቴ ንብረት አጣለሁ ብለሽ አትስጊ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ነው፤ በስሙ የተመዘገበም ቢሆን የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ተብሎ ይቆጠራል። ፍቺ ስታመለክቺ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ማን ከቤት እንደሚወጣ ወዲያው እንዲያዝ እዚያው ማመልከቻ ላይ ጠይቂ፤ ካልጻፍሽው ፍቺው እስኪወሰን ያለ ቀለብ ልትቆዪ ትችያለሽ።