ወደ መቀመጫው ያለማቋረጥ የሚፈስ የሽንት ቤት ውሃ አጠጋገን

ታንከሩ ሞልቶም ውሃው ወደ መቀመጫው መውረዱን ካላቆመ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን አንስተው ይመልከቱ። ውሃው በቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ ላይ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የተንሳፋፊው (ከውሃው ጋር ከፍ ብሎ የሚገባውን ውሃ የሚያስቆመው ዕቃ) ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስኪቆም ድረስ ተንሳፋፊውን ዝቅ ያድርጉ። እንዲያም ሆኖ ካልቆመ ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ ይቀየር።

ወደ ቱቦው ካልገባስ? ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምረው ሽንት ቤቱን ሳይጠቀሙ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ላይ ከታየ የሚያፈሰው ከታች ያለው የመዝጊያ ጎማ ነው። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ እሱ ጋ ነው።

ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ ይዝጉ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ለቀው ያስወጡ፣ ጎማውን ከሰንሰለቱ ያላቅቁ። በጣትዎ ሲያሹት ጥቁር ከለቀቀ፣ ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ማጣበቂያ አይረዳውም፤ ይቀይሩት። መጠኑ ስለሚለያይ አሮጌውን ለናሙና ይዘው ይሂዱ። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ጎማው የሚያርፍበትን ከንፈር በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የሻከረ የኖራ ቅርፊት ካለ በስፖንጅና በኮምጣጤ ይሹት። በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ከፋቁት ግን ጭረቱ ራሱ ውሃ ያሳልፋል።

ሰንሰለቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይላላ። ከተወጠረ ጎማውን አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ከረዘመ ደግሞ ጎማው ሥር ይገባል።

የክሎሪን እንክብል ታንከሩ ውስጥ አይጨምሩ፤ አዲሱንም ጎማ ይበላዋል።