«ከጎግል ነው ያወረድኩት» አይበቃም፦ የራሳችሁን ድረ ገጽ ስትሠሩ የምትጠነቀቋቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ድረ ገጽ የሚጀምሩ ልጆች ሥራቸውን እንድመለከትላቸው ያመጡልኛል። ስለ ሐይቁ የሚጽፍ አለ። ስለ ፍቼ ጫምባላላ የሚሰበስብ አለ። ሥዕሉን የሚያሳይ አለ። በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል፤ ከእሱ ልጀምር።

ፎቶው የማን እንደሆነ ስጠይቅ «ከጎግል ነው ያወረድኩት» ይሉኛል። ጎግል እኮ ፎቶው የት እንዳለ ነው የሚጠቁመው። ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ከሥር «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብሎ መጻፍ ደግሞ ማንንም መጥቀስ አይደለም። «ገንዘብ አላገኝበትም» ማለትም ፈቃድ አይሆንም።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ በማለዳ ወርዶ፣ ጀልባዎቹ እስኪመለሱ ጠብቆ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ አውቃለሁ። ስሙን ፎቶው ጥግ ላይ ይጽፋል። አንዱን ፎቶ ሌላ ገጽ ላይ አገኘው። ስሙ ያለበት ጥግ ተቆርጧል፣ የሌላ ሰው አርማ ተለጥፎበታል። ከስሙ ጋር ዓሣ የሚጠብቀው ትልቅ ወፍ፣ የአባ ኮዳ፣ እግሮችም ተቆርጠው ቀርተዋል። ልጁ ከዚያ በኋላ ለወራት ምንም ፎቶ አላወጣም። እንዲህ ነው ሰው የሚገደለው።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የጽሑፍ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የፎቶ ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፎቶ አንሺውን ጠይቁት፤ አብዛኛው ስሙ ከተጠቀሰ እሺ ይላል። ወይም ነፃ ፎቶዎች የሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ግቡ። እዚያ ብዙው ፎቶ በክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተቀመጠ ነው፤ ባለቤቱ ሌሎች በምን ሁኔታ እንዲጠቀሙበት እንደፈቀደ የሚገልጽ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ግን አንብቡት። ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁት ፈቃድ «ኤንሲ» (NC) ካለበት ለንግድ አይሆንም። «ኤንዲ» (ND) ካለበት ቀይራችሁ ማውጣት አትችሉም። ከፎቶው ሥር የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና ሊንኩን ጻፉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ራሳችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ሰውየውን አስፈቅዱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ባለሥልጣን፣ ታዋቂ ሰው ወይም ሕዝብ የሚመለከተው ክስተት ሲሆንና በመሳሰሉት ይላላል። መረቡን የሚያጸዳ ዓሣ አስጋሪ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

የዶሜይን ስሙን፣ ማለትም የድረ ገጻችሁን አድራሻ፣ ገጹን በሠራላችሁ ልጅ ኢሜይል አታስመዝግቡ። የማደሻው ማሳሰቢያ የሚሄደው ለእሱ ነው። ልጁ ከከተማ ከወጣ ስሙ ሳይታደስ ያልፍና ሌላ ሰው ይወስደዋል። አንዲት እናት የእንግዳ ማረፊያቸውን ስም በዚህ መንገድ ሲያጡ አይቻለሁ፤ ስሙ የታተመበት ካርድ በካርቶን ተቀምጧል።

ከስልክ የወጣ ፎቶ እንዳለ አትጫኑ። አንዱ ብቻ አምስት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢያችሁ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው የሚከፍተው። ስፋቱን 1600 ፒክስል አድርጉት።

አማርኛውን በምስል መልክ አትለጥፉ። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ አያነብለትም፣ ፈልጎ ለማግኘትም ያስቸግራል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ፋይል ካላችሁ መጀመሪያ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደላት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ለውጡት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይሆናል። ከለወጣችሁ በኋላ በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ ፎንቱ የተጫነበት የራሳችሁ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ደህና መስሎ ያሳያችኋል።